ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በክብሪት ቀፎ መጀመር፦ ለመምህራን የቀረበ መመሪያ

እ.ኤ.አ. በ1961 እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዶናልድ ሚኪ ከልምዱ የሚማር ማሽን ለመሥራት ተነሣ። ለሥራው የሚበቃ ኮምፒውተር አልነበረውም። ስለዚህ 304 የክብሪት ቀፎዎችን ሰበሰበ፤ በየቀፎው ባለቀለም ዶቃዎችን ከተተ፤ ከዚያም ቀፎዎቹ ቲክ ታክ ቶ የሚባለውን ጨዋታ ከሰው ጋር እንዲጫወቱ አደረገ። ማሽኑ ሲያሸንፍ ዶቃ ይጨመርለታል፤ ሲሸነፍ ይቀነስበታል። ጨዋታው በተደጋገመ ቁጥር የቀፎዎቹ ክምር እየጎበዘ ሄደ። በሽልማትና በቅጣት የመማር ዘዴ ዛሬም ታላላቅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥርዓቶች ከሚሠለጥኑባቸው መንገዶች አንዱ ነው።

ኮምፒውተር ያልደረሰው ወይም 60 ተማሪ በአንድ ክፍል የሚያስተምር መምህር ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ነገር አለ። የትምህርቱ እምብርት መሣሪያው ሳይሆን ሐሳቡ ነው፤ ሐሳቡን ደግሞ በእጅ መዳሰስ ይቻላል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ከላይኛው እርከን መምጣት ከጀመረ ቆይቷል። ዛሬ የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም በ2012 ዓ.ም. ተመሠረተ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ብሔራዊ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲን በሰኔ 2016 ዓ.ም. አጸደቀ። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ተጀመረ። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችም ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች በሚወስዱት የጋራ ኮርስ ውስጥ ስለዚሁ አንድ ምዕራፍ ያነባሉ። ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚያስተምር መምህር ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ክፍል ሲገባ ከየት ይጀምር? ከዚህ በታች ያሉት 8 ደረጃዎች በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ወይም አንድ የክበብ ሰዓት ላለው መምህር በአንድ መንፈቀ ዓመት እንዲያልቁ ሆነው የተሰናዱ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ግቡን አስቀድመው ይጻፉ

ዕቃ ከመጠየቅዎ በፊት ተማሪዎችዎ በመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ምን ማድረግ እንዲችሉ እንደሚፈልጉ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2024 ለተማሪዎች ያወጣው የብቃት ማዕቀፍ ለዚህ ይረዳል። ማዕቀፉ 12 ብቃቶችን በ4 ዘርፎች ይመድባል፤ እነሱም ሰውን ያስቀደመ አመለካከት፣ ሥነ ምግባር፣ የቴክኒክ ዕውቀትና አጠቃቀም፣ እንዲሁም ሥርዓት መንደፍ ናቸው። እያንዳንዱ ዘርፍ ከመረዳት ወደ መተግበር፣ ከመተግበር ወደ መፍጠር ያድጋል። ለጀማሪ ክፍል ሁለት ግቦች ይበቃሉ፤ ተማሪው ማሽን ከምሳሌ እንዴት እንደሚማር በራሱ ቃል ያስረዳል፤ ማሽን የሰጠውን መልስ መርምሮ ትክክሉን ከስህተቱ ይለያል።

ግብን ሳያስቀድሙ ዕቃን የማስቀደም ጉዳት በአገር ውስጥ ታይቷል። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተዘረጋው የፕላዝማ ትምህርት ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ለቴሌቪዥኑ ሰጠ። ስርጭቱ ተማሪው ገባው አልገባው ብሎ አይቆምም፤ መምህሩም ብዙውን ጊዜ ቆሞ ተመልካች ሆነ። ያንን ዘመን ያስተማሩም የተማሩም ዛሬም ያስታውሱታል። በፔሩም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ በሚለው ፕሮግራም ኮምፒውተር የተሰጣቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2012 ሲጠኑ፣ በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ የታየ ለውጥ አልተገኘም።

ደረጃ 2፦ ያለዎትን ይቁጠሩ

አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሦስት ዝርዝሮችን ያውጡ። በመጀመሪያው የሚሠሩ ኮምፒውተሮችን፣ ፕሮጀክተርንና መምህራን ለትምህርት ሊያውሉት የሚፈቅዱትን ስማርት ስልክ ይመዝግቡ። በሁለተኛው መብራትና ኢንተርኔት በየትኞቹ ቀናትና ሰዓታት በአስተማማኝ ሁኔታ እንደሚገኙ ይጻፉ። ሦስተኛው የሰው ዝርዝር ነው፤ የሒሳብ፣ የባዮሎጂ፣ የአማርኛና የዜግነት ትምህርት መምህራን ከፊታችን ባሉት ሥራዎች ሁሉ ድርሻ አላቸው።

ኮምፒውተር ኖሮ ኢንተርኔት ለሌለበት ትምህርት ቤት ኮሊብሪ እና ኪዊክስ የተባሉት ነፃ ሶፍትዌሮች ጠቃሚ ናቸው። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አንድ ጊዜ ይጫናሉ፤ ከዚያ በኋላ ትምህርቶችንና ዊኪፔዲያን ያለ ግንኙነት ያስነብባሉ። ምንም ኮምፒውተር ከሌለ ደግሞ ደረጃ 3ን እንዳለ፣ ቀሪዎቹን በወረቀትና በአንድ ስልክ መሥራት ይቻላል።

ደረጃ 3፦ የሚማር ማሽን ከክብሪት ቀፎ ይሥሩ

ይህ የመመሪያው ዋና ሥራ ነው፤ ሦስት ሳምንት ይስጡት። ለክፍል የሚመቸው ከሚኪ ጨዋታ ያነሰው ነው። አሜሪካዊው የሒሳብ ጸሐፊ ማርቲን ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ1962 ሄክሳፓውን የሚባል ጨዋታ ይዞ ቀረበ፤ ለዚህኛው 24 ቀፎዎች ብቻ ይበቃሉ።

ተማሪዎችን በ6 በ6 ይመድቡ። ለየቡድኑ 24 ባዶ የክብሪት ቀፎዎች፣ ሁለት ዓይነት ቆርኪዎች 3 በ3፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያስፈልጋሉ። ቀፎ ማጠራቀም ጊዜ ስለሚወስድ ከአንድ ወር በፊት ያሳስቡ፤ ካልተሟላ ከወረቀት የታጠፉ ትንንሽ ፖስታዎች ይተኩታል።

የጨዋታው ሕግ አጭር ነው። 3 በ3 የሆነ ባለ 9 ቤት ሰሌዳ ይሣላል። ሁለቱ ተጫዋቾች ቆርኪዎቻቸውን ፊት ለፊት በዳርና በዳር ረድፎች ይደረድራሉ። ቆርኪ ከፊቱ ያለው ቤት ባዶ ከሆነ አንድ ቤት ወደፊት ይሄዳል፤ በሰያፍ ከፊቱ የተጋጣሚ ቆርኪ ካለ በልቶ ቦታውን ይይዛል። ወደ ኋላ መመለስ የለም። ቆርኪውን የመጨረሻው ረድፍ ያደረሰ፣ የተጋጣሚውን ቆርኪ በሙሉ የበላ ወይም ተጋጣሚውን መሄጃ ያሳጣ ያሸንፋል።

አሁን ማሽኑን ያደራጁ። ሁልጊዜ ሰው ይጀምራል፤ ማሽኑ ይከተላል። ማሽኑ ተራው ደርሶ አዲስ የቆርኪ አቀማመጥ ሲያጋጥመው ያ አቀማመጥ በአንድ ቀፎ ላይ ይሣላል፤ ማሽኑ ሊሄድ የሚችልባቸው መንገዶችም በቀስት ይመለከቱና 1፣ 2፣ 3 እየተባሉ ቁጥር ይሰጣቸዋል። መንገዶቹ ቢበዛ 4 ናቸው። የግራና የቀኝ ግልባጭ የሆኑ አቀማመጦች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። በቀፎው ውስጥ በየቁጥሩ አንድ አንድ የተጠቀለለ ዕጣ ይገባል። የማሽን ጠባቂ የሆነው ተማሪ ሳያይ አንድ ዕጣ ያወጣል፤ ዕጣው ያዘዘውን ይጫወታል፤ ዕጣውንም ከቀፎው አጠገብ ያስቀምጣል።

ጨዋታው ሲያልቅ ማሽኑ ካሸነፈ ዕጣዎቹ ሁሉ ወደየቀፏቸው ይመለሳሉ። ከተሸነፈ ግን መጨረሻ ላይ ያወጣው ዕጣ ይቀደዳል፤ ሌሎቹ ይመለሳሉ። ባዶ ቀፎ ላይ ከደረሰ እጁን ሰጥቷል ማለት ነው፤ ያኔ ከዚያ በፊት ያወጣው ዕጣ ይቀደዳል። ቅጣቱ ይኸው ነው። የቡድኑ ጸሐፊ የእያንዳንዱን ጨዋታ ውጤት በሠንጠረዥ ይመዘግባል፤ በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ ውጤቱ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በግራፍ ይሣላል። በሄክሳፓውን ሁለተኛ የሚጫወተው ካልተሳሳተ ምንጊዜም ስለሚያሸንፍ ማሽኑ መጀመሪያ ላይ ደጋግሞ ይሸነፋል፤ ቀስ በቀስ የሚረታው ይጠፋል።

እዚህ ላይ ቆመው ይጠይቁ። ማሽኑ ጨዋታውን ያውቀዋል? ስልቱን ማን ነገረው? ዕውቀቱ የተቀመጠው የት ነው? ተማሪዎች በራሳቸው ቋንቋ ይከራከሩ። ማንም ስልት እንዳልነገረው፣ ዕውቀት የሚባለው ሳይቀደዱ የቀሩት ዕጣዎች ስብስብ መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል።

ሦስተኛው ሳምንት ለሌላ ሙከራ ነው። ሁለት ቡድኖች አዳዲስ ማሽኖችን ያሠለጥኑ፤ የአንዱ ተጋጣሚ ጎበዝ ተጫዋች፣ የሌላው ሳያስብ የሚጫወት ይሁን። ሁለቱም ማሽኖች እኩል ቁጥር ያለው ጨዋታ ከተጫወቱ በኋላ ከጎበዙ ተጫዋች ጋር ይጋጠሙ። በግዴለሽ ተጋጣሚ የሠለጠነው ማሽን መጥፎ ምርጫዎቹ የሚያስቀጡበት አጋጣሚ ስላነሰ ብዙዎቹን እንደያዘ ይቀራል። ማሽን ከሠለጠነበት ልምድ የተሻለ ሊሆን እንደማይችል ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ሥራ ማግኘት ይከብዳል።

ደረጃ 4፦ ኮምፒውተር ፊደልን እንዴት እንደሚያይ ያሳዩ

አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል፤ የአማርኛ መምህሩን ይጋብዙ። ተማሪዎች ፀሐይ የሚለውን ቃል በየደብተራቸው ሳይነጋገሩ ይጻፉ፤ ከዚያም የተለያዩት አጻጻፎች ሰሌዳ ላይ ይሰብሰቡ። በፀና በጸ፣ በሐ፣ በሀና በኀ ሲቀያየር ቢያንስ 6 አጻጻፍ ይወጣል። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ናቸው። ኮምፒውተር ግን ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ የግዕዝ ፊደላት በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ ሥርዓት ቁጥር ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ስለዚህ 6ቱን አጻጻፎች 6 ልዩ ልዩ ቃላት አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ አንድ መሆናቸውን የሚማረው ሰው ሕግ ሲያወጣለት ወይም በርካታ የአማርኛ ጽሑፍ ሲያነብ ነው። ተማሪዎች 6ቱን ወደ አንድ የሚመልስ ሕግ በቡድን ይጻፉ። ያ ሕግ በአማርኛ የፍለጋና የትርጉም ሶፍትዌር የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚጽፉት ዓይነት ሕግ ነው።

ደረጃ 5፦ ምስል የሚለይ ሞዴል ያሠልጥኑ

ካሜራ ያለው አንድ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ከተገኘ ቲቸብል ማሽን የተባለውን የጉግል ነፃ ገጽ ይክፈቱ። ምዝገባ አይጠይቅም፤ ሥልጠናው የሚካሄደውም እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ከባዮሎጂ መምህሩ ጋር ሆነው ከግቢው ጤነኛና የታመሙ ቅጠሎችን ያስለቅሙ። ከየዓይነቱ 30 ፎቶ ለሥልጠና ይነሣ፤ 10 ደግሞ ማሽኑ ሳያያቸው ለፈተና ይቀመጡ። የሠለጠነበትን ፎቶ መልሶ መጠየቅ ፈተና እንዳልሆነ ተማሪዎች የሚረዱት እዚህ ነው።

ከዚያ ሆን ብለው ያሳስቱት። ጤነኞቹን ቅጠሎች ሁሉ ነጭ ወረቀት ላይ፣ የታመሙትን ሁሉ አፈር ላይ አስቀምጠው እንደገና ያሠልጥኑ፤ ለፈተናው ግን ያቀያይሯቸው። ሞዴሉ ቅጠሉን ትቶ መደቡን ሲያይ ሊያዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተኩላንና ሐስኪ የሚባለውን ውሻ በሚለይ ሞዴል ይህንኑ አሳይተዋል። የተኩላዎቹ ፎቶዎች በሙሉ በረዶ እንዲኖራቸው ስላደረጉ፣ ሞዴሉ በረዶ ባየ ቁጥር ተኩላ ይል ነበር።

ኮምፒውተር ከሌለ አንዱ ቡድን በሥዕል ካርዶች ላይ ተመሥርቶ የመለያ ሕግ ይጻፍ፤ ሌላው ቡድን አዲስ ካርዶችን በዚያ ሕግ ብቻ ይለይ። ስህተቱ የሚመጣው ከየት እንደሆነ በዚህም ይታያል።

ደረጃ 6፦ ማን እንደተዘለለ ይጠይቁ

አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመችው ጥናት ለዚህ ክፍለ ጊዜ ከማንኛውም ምሳሌ ይመረጣል። ሁለቱ ተመራማሪዎች ፊትን አይተው ጾታን የሚለዩ 3 የገበያ ሥርዓቶችን ፈተኑ። ቆዳቸው ነጣ ባለ ወንዶች ላይ ስህተቱ ከ0.8 በመቶ አላለፈም፤ ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ቁጥሮቹን ሰሌዳው ላይ ጽፈው ወደ ቅጠሉ ሙከራ ይመልሷቸው፤ የትኛው ፎቶ ቢያንስ እንዲህ ያለ ልዩነት ይመጣል?

የትምኒት ታሪክ ሌላም ነገር ያስተምራል። እሷና እንደ እሷ አዲስ አበባ የተወለደችው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ረድኤት አበበ እ.ኤ.አ. በ2017 ብላክ ኢን ኤአይ የተባለውን ድርጅት ከመሠረቱት መካከል ናቸው። በክፍሉ ያሉ ሴት ተማሪዎች ይህንን መስክ የሚያርሙት ሰዎች ከነሱ አገር እንደወጡ ማወቅ ይገባቸዋል።

ደረጃ 7፦ ቻትቦትን ፈታኝ ሆነው ይጠይቁ

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ቻትጂፒቲ ከወጣ ወዲህ ብዙ ተማሪ ጥያቄውን ለቻትቦት ያቀርባል። በክፍል ውስጥ ተራው ይቀየር፤ ተማሪው ፈታኝ፣ ማሽኑ ተፈታኝ ይሁን። በመጀመሪያ የአሠራሩን መሠረት ያስረዱ። ቻትቦት ካነበበው እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተነሥቶ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ መልስ ያዋቅራል። ስለዚህ የማያውቀውንም አሳምሮ ይናገራል።

ከዚያ ተማሪዎች መልሱን በእርግጠኝነት የሚያውቋቸውን 10 ጥያቄዎች ያዘጋጁ። ጥሩ ጥያቄ ከአካባቢው ይነሣል፤ በወረዳው ስላለ ወንዝ፣ ስለ ከተማው አመሠራረት፣ ስለ አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር። የቀን አቆጣጠርም ጥሩ ማጥመጃ ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ስንት ቀን ነበር? ብዙ ሰው ሴፕቴምበር 11 ይላል፤ ያለፈው ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች ግን ትክክለኛው መልስ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ጥያቄው በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይቅረብ፤ መልሶቹ ጎን ለጎን ይጻፉና ትክክል፣ ስህተት፣ ሊረጋገጥ ያልቻለ ተብለው ይመደቡ። ኢንተርኔት ከሌለ መምህሩ አስቀድሞ ጠይቆ መልሱን በወረቀት ይዞ ይግባ።

በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ልዩነት ከታየ ምክንያቱን ይወያዩበት። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች ሲኖሩት የአማርኛው ወደ 15 ሺህ ገደማ ነው። ሚኒ ሚዲያው፣ የክበቡ ጋዜጣና የአማርኛ ክፍሉ ይህንን ክፍተት ለመቀነስ በአካባቢያቸው ታሪክ ላይ ምን መጻፍ እንደሚችሉ ተማሪዎች ያቅዱ።

ደረጃ 8፦ ሕግ ያውጡ፤ ሥራውን ይመዝኑ

ሕጉን ከተማሪዎችና ከወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ጋር አብረው ያውጡት። ሦስት ነጥቦች ሊቀሩ አይገባም። የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለእነዚህ መሣሪያዎች ዝቅተኛው ዕድሜ 13 ዓመት እንዲሆን መክሯል፤ የቻትጂፒቲ የአጠቃቀም ውልም ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉት የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል። ሁለተኛው የግል መረጃ ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። የተማሪ ስም፣ ፎቶ፣ ውጤትና የጤና ሁኔታ ወደ ቻትቦት አይገባም፤ ለምስል ሥልጠናም ከልጆች ፊት ይልቅ ቅጠልና ጥራጥሬ ይበቃል።

ሦስተኛው ሐቀኝነት ነው። እያንዳንዱ የቤት ሥራ ሲሰጥ ቻትቦት የተከለከለበት፣ ተጠቅሞ መግለጽ የሚፈቀድበት ወይም መልሱን እንዲተቹ የሚታዘዝበት መሆኑ ይነገር። ማጭበርበርን ለመያዝ ግን ጽሑፉን ማሽን ጻፈው የሚሉ መመርመሪያዎችን አይመኑ። የቻትጂፒቲ ሠሪ የሆነው ኦፕንኤአይ ራሱ የሠራውን መመርመሪያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 አንሥቶታል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 7 መመርመሪያዎችን ሲፈትኑ፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ተፈታኞች ከጻፏቸው 91 የቶፍል ድርሰቶች በአማካይ 61.3 በመቶውን በስህተት የማሽን ሥራ ብለዋቸዋል። በእንግሊዝኛ ለሚማር የኢትዮጵያ ተማሪ ይህ ከባድ በደል ነው። ረቂቆችን በየደረጃው ማየትና 5 ደቂቃ የቃል ጥያቄ መጠየቅ ይሻላል።

ምዘናውም ከግቡ ይነሣ። የሄክሳፓውን ግራፍ ከማብራሪያው ጋር 30 ነጥብ፣ የሞዴሉ የፈተና ውጤትና የስህተቱ ምክንያት 30፣ የቻትቦቱ ምርመራ 30፣ በቡድን ውስጥ ያለ ተሳትፎ 10 ሊሆን ይችላል። የራስዎን ዕውቀት ለማጠናከር በ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ያለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት መነሻ ኮርስ፣ ወይም የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሰጠውን ኤለመንትስ ኦፍ ኤአይ ይውሰዱ፤ ሁለቱም በነፃ በኢንተርኔት ይሰጣሉ።

በመንፈቀ ዓመቱ ማብቂያ ለርዕሰ መምህሩ ሁለት ገጽ ሪፖርት ያቅርቡ። የትኛው ሥራ ያለ ዕቃ እንደተሳካ፣ የትኛው በመብራት ወይም በኢንተርኔት ምክንያት እንደቆመ፣ ተማሪዎቹ በሁለቱ ግቦች ምን ያህል እንደደረሱ ይስፈርበት። ላፕቶፕ ወይም ፕሮጀክተር የሚጠየቀው በዚህ ሪፖርት ላይ ነው፤ የትኛውን ክፍለ ጊዜ፣ ለስንት ተማሪ፣ በየትኛው ወር እንደሚያገለግል ከጎኑ ተጽፎ።